ቤንዚን ከመቶ ብር አለፈ፤ ደመወዝተኛው ጭማሪውን ለማን ያስተላልፍ?

የቱሉ ዲምቱ ሰው (ክሩን የከፈተ)
ጥር 3 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። በ2017 ገና ሰሞን የወጣውን የነዳጅ ዋጋ አይታችኋል። ቤንዚን በሊትር ከ91 ብር ከ14 ሳንቲም ወደ 101 ብር ከ47 ገባ። ናፍጣ ከ90 ብር ከ28 ወደ 98 ብር ከ98። እኔ መኪና የለኝም። ማደያ ደጃፍ የሚያደርሰኝ ጉዳይም የለም። ጭማሪው ግን ውሎ ሳያድር ኪሴ ውስጥ ገብቷል።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ፣ የግል መሥሪያ ቤት ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ቀጥታ የሚሄድ ታክሲ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ታፔላው ሜክሲኮ ይላል፤ ረዳቱ «ቃሊቲ ብቻ!» እያለ ይጠራል። እስከ ቃሊቲ አንድ ሂሳብ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ ሌላ ሂሳብ፣ ከሳሪስ ሜክሲኮ ሌላ። በየመሀሉ ደግሞ ሰልፍ አለ።

የራሴን ደመወዝ ልተወውና ሁሉም የሚያውቀውን የመንግሥት የደመወዝ እርከን ልውሰድ። በ2017 በተሻሻለው እርከን በዲግሪ የሚጀምር ሠራተኛ ደመወዙ 6,940 ብር ነበር። የሥራ ግብር 1,170 ብር ይቆረጥ ነበር። ጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 485 ብር ከ80 ሳንቲም። እጁ ላይ የሚገባው 5,284 ብር ከ20 ነበር። ይህ ሰው እንደኔ ዳር ላይ የሚኖር ሆኖ፣ ደርሶ መልስ በቀን 100 ብር ቢያወጣ፣ በ22 የሥራ ቀን 2,200 ብር ይሆናል። እጁ ከገባው ከእያንዳንዱ መቶ ብር ውስጥ ከ41 ብር በላይ ሥራ ቦታ ለመድረስ ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ገና አልተነሱም።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ነዳጅ ሲጨምር ሁሉም ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ባለታክሲው ለተሳፋሪው፣ ባለጭነቱ ለጅምላ ነጋዴው፣ ጅምላው ለቸርቻሪው፣ አከራይም «ኑሮ ተወደደ» ብሎ ለተከራዩ። ደመወዝተኛው ጋ ሲደርስ ይቆማል። እኔ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ «ነዳጅ 11 በመቶ ስለጨመረ ከዛሬ ጀምሮ ደመወዜ 11 በመቶ ጨምሯል» ማለት አልችልም።

እናንተ እንዴት እየተወጣችሁት ነው? የሚሠራ ነገር ያለው ሰው ካለ ይንገረን።

ሹፌር ነኝ

ወንድሜ፣ የጻፍከው እውነት ነው። የኛንም ወገን ስማ።

መኪናዋ በቀን 25 ሊትር ገደማ ትበላለች። የአሁኑን ጭማሪ ሙሉ በሙሉ ከኪሴ እከፍላለሁ ብንል 258 ብር ነው። ይሄ ያማል፤ ግን አይገድልም። የሚገድለው ሰልፉ ነው። ማደያ ላይ ሦስት አራት ሰዓት ቆሜ ስወጣ የጠዋቱ ሥራ አልፏል። አንዳንዴ ወረፋዬ ሊደርስ ሲል «አልቋል» ይባላል። ለባለቤቱ የማስገባው የቀን ገቢ ግን «ዛሬ ሰልፍ ነበር» ተብሎ አይቀነስም። ጎማው፣ ዘይቱ፣ የፍሬን ሸራው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ከሐምሌ ወዲህ ዋጋው ሌላ ሆኗል። በሐምሌ 2014 የተጀመረው የታለመ ድጎማም፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተለይቶ የሚሰጠው የነዳጅ ድጎማ ማለቴ ነው፣ ከጅምሩ እየቀነሰ እንዲሄድ ነው የተሠራው።

ስለማቆራረጥ። ጠዋት ከእናንተ ሰፈር ጢም ብዬ ሞልቼ እወጣለሁ፤ ስመለስ ባዶ ነኝ። በዚያ ሰዓት ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ ሰው የለም። ሜክሲኮ ድረስ ከገባሁ ጎተራ ላይ ተዘግቶ ቤንዚኔ ቆሜ ያልቃል። ቃሊቲ አራግፌ ከተመለስኩ ግን ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሁለት ጊዜ እጭናለሁ። ትክክል ነው አልልም፤ ምክንያቱን ነው የነገርኩህ።

የቱሉ ዲምቱ ሰው

ሹፌሩ ወንድሜ፣ በግልጽ ስለተናገርክ አመሰግናለሁ። በሰጠኸኝ ቁጥር ልሂድ። 258 ብሩን ለተሳፋሪው እናካፍለው። 12 ሰው እየጫንክ በቀን 16 ጊዜ ብትጓዝ 192 ሰው ነው። ለአንድ ሰው 1 ብር ከ35 ሳንቲም አይሞላም። ግማሹን ጉዞ ባዶ ተመለስክ እንበል፤ ያኔም 3 ብር አይደርስም።

3 ብር ጨምርብኝ፤ ሳላጉረመርም እከፍላለሁ። ስታቆራርጥብኝ ግን የምትጨምርብኝ 3 ብር አይደለም፤ አንድ ሙሉ ሂሳብ ነው። ነዳጁ በሳንቲም የነካኝን ማቆራረጡ በአሥር ብሮች ይመታኛል። ልዩነቱ ማደያው ጋ አልገባም፤ በመንገዱ አያያዝ ላይ የሚባክን ነው። ካንተ ጋር የማልጣላውም ለዚህ ነው። አንተም ቆመህ ታቃጥለዋለህ።

ከለሚ

እኔ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም።

ሰርቪስ አለን። ቀደም ሲል ሰፈር ድረስ ይገባ ነበር። ነዳጅ ጨመረ ተብሎ መስመሩ አጠረ፤ አሁን አስፋልት ላይ ያወርደናል። ቀን ቀን ችግር የለውም፣ በእግር ይኬዳል። የማታ ፈረቃ ስንወጣ ግን ከአስፋልቱ እስከ ቤት ጨለማ ነው፣ ውሻ አለ፣ ሰካራም አለ። ባጃጅ ለብቻ አይቻልም። ስለዚህ ሦስት እንሆንና እንካፈላለን። አንዷ ኦቨርታይም ካላት ሁለታችን በሩ ላይ ቆመን እንጠብቃታለን። እሷ የምታገኘውን የኦቨርታይም ብር እኛ በቁም እንከፍለዋለን ማለት ነው፤ እሷም እያወቀች ትሳቀቃለች። ባለፈው ሳምንት «ዛሬ ይቅርብኝ» ብላ ኦቨርታይሙን ትታ ወጣች።

ስለ መንግሥት እርከን ጻፍክ። ያ ቢያንስ ወለል አለው፤ በ2017ቱ ማሻሻያ ትንሹ 4,760 ብር ሆኖ ነበር። ለኛ ለግል ሠራተኞች ወለል የለም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ ይወስናል ይላል። እስከዛሬ ቁጥሩን አላየንም። ነዳጅ በየጊዜው ይከለሳል፤ የኛ ደመወዝ የሚከለስበት ቀን የለውም።

ቆጣሪው

አንድ ነገር በደንብ መታየት አለበት። «የዓለም ዋጋ ስለጨመረ ነው» የሚለው መልስ በአሁኑ ጭማሪ ላይ ብዙ አይሠራም።

በሰኔ 2014 መጨረሻ ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሲገባ የዓለም ድፍድፍ ዘይት በበርሜል ከ100 ዶላር ወዲህ ወዲያ ነበር፤ የዩክሬን ጦርነት በጀመረ በወራት ውስጥ ማለት ነው። በጥር 2017 በርሜሉ ከ80 ዶላር አካባቢ አልዘለለም፤ እኛ ግን 101 ብር ከ47 ከፈልን። ያኔ አንድ ዶላር በባንክ 52 ብር ገደማ ነበር፤ በጥር 2017 125 ብር ግድም ደረሰ። 47.83ን ለ52 አካፍሉት፤ 92 ሳንቲም ዶላር ይመጣል። 101.47ን ለ125 አካፍሉት፤ 81 ሳንቲም ዶላር። በዶላር ለሚያስብ ሰው ነዳጃችን ረክሷል። በብር ደመወዝ ለሚበላ ሰው ከእጥፍ በላይ ተወደደ።

ዋናው ምክንያት የብሩ መውረድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ መቶ አለፈ። የራሳችን ማጣሪያ የለንም። የተጣራውን በዶላር ገዝተን፣ ቦቴው ጅቡቲ ቀድቶ በጋላፊ በኩል ነው የሚያስገባው። ብር በወረደ ቁጥር ሊትሩ ይወጣል። ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያልተጫነብን ቀስ እየተባለ ነው የሚጫነው፤ በመስከረም 2017 መጨረሻ 91 ብር ከ14 ገባ፣ በገና ሰሞን 101 ብር ከ47። ይሄ የመጨረሻው ነው ብዬ አላስብም። ወጪያችሁን ስታቅዱ ይህን ግምት ውስጥ አስገቡ።

ሐቁን እንነጋገር

ቆጣሪው ትክክል ነው፤ ግን መንግሥት ድጎማውን ይቀጥል የምትሉ ከሆነ አልስማማም። ዓመታት ሙሉ በርካሽ ሲሸጥ የነበረው ነዳጅ ማንን ጠቀመ? ታንከሩ ትልቅ የሆነውን። ቪ8 የሚነዳ ሰው በአንድ ቀን ቀድቶት የሚሄደው ድጎማ የለሚዋ እህታችን በወር አታገኘውም። የተረፈው ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት አገር ይቸበቸባል፤ እዚያ ዋጋው ከኛ ስለሚበልጥ። ዕዳውን ግን ሁላችንም እንከፍላለን።

ከለሚ

ቪ8ቱ በሙሉ ዋጋ ይቅዳ፤ ተቃውሞ የለኝም። አውቶቡስ ላይ ብቻ ይደጎም። ድጎማው ተነሳ ሲባል ግን የተረፈው ገንዘብ እኔ የምሳፈርበት ነገር ሆኖ መምጣት አለበት። ሰፈሬ የሚገባ የከተማ አውቶቡስ ቢጨመር ስለ ሊትር ዋጋ እዚህ አልጽፍም ነበር።

መምህሩ

ከክልል ከተማ ነው የምጽፈው። የአዲስ አበባ ሰው ቢያንስ ማደያው ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ይዞ ይከራከራል። እኛ ጋ ብዙውን ቀን ማደያው «ነዳጅ የለም» ነው። ዞር ስትል በሀይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ በእጥፍ ዋጋ። የባጃጁ ልጅ ከዚያ ይቀዳል። ያስከፈለኝን ሳየው ልናደድበት አልችልም፤ በስንት እንደገዛው አውቃለሁ።

በ2015 ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ክፍያው በቴሌብር ይሁን ሲባል፣ ቀጥሎም ወደኛ ሲመጣ፣ ጥቁር ገበያውን ይዘጋዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። የከፈለውን ሰው ይመዘግባል፤ ከታንከር ወደ ጀሪካን የሚገለበጠውን ግን አያይም።

መምህራን አሁን በእግር ነው የምንሄደው። ገጠር ቀበሌ የተመደቡት ሰኞ ሄደው ዓርብ ይመለሳሉ። አዳራቸው እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። አንድ የሂሳብ መምህር ባልደረባዬ የክፍሉን ዴስክ ገጥሞ ይተኛል። ጠዋት ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ፍራሹን ጠቅልሎ ቁምሳጥኑ ላይ ያስቀምጣል። ልጆቹ ያውቃሉ፤ ምንም አይሉትም።

የሦስት ልጆች እናት

እናንተ ስለታክሲ ታወራላችሁ፤ እኔ ከቤት አልወጣም፣ ባለቤቴ ነው ሠራተኛው። ጭማሪው እዚሁ ቤቴ መጥቶ አገኘኝ። ሽንኩርት በሁለት ቀን ውስጥ በኪሎ 10 ብር ጨመረ። ለምን ስላት «እናትዬ፣ ነዳጅ ጨመረ እኮ» አለችኝ። ከሰልም እንደዚያው። ነጭ ጋዝማ ከናፍጣ እኩል ስለገባ ትቼዋለሁ። እውነት ነዳጁ ነው ይህን ያህል የጨመረው? የሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ።

የቱሉ ዲምቱ ሰው

እህቴ፣ አብረን እንየው። ሽንኩርቱ ከመቂ መጣ እንበል። መቂ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 260። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 52 ሊትር ናፍጣ ይፈልጋል። ናፍጣ በሊትር 8 ብር ከ70 ነው የጨመረው። ጠቅላላ ጭማሪው 452 ብር ነው። ለ5,000 ኪሎ ስናካፍለው በኪሎ 9 ሳንቲም።

9 ሳንቲም። የተጨመረብሽ 10 ብር ነው።

የአትክልት ተራው

እኔ ነጋዴ ነኝ። የወንድማችን ስሌት ናፍጣውን በተመለከተ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም አይይዝም።

ባለአይሱዙው ኪራይ ሲጨምር 452 ብሩን ቆጥሮ አይደለም። ማደያ ሰልፍ ላይ ያሳለፈውን ሌሊት ይቆጥራል። ሽንኩርት ደግሞ አይጠብቅም። መኪናው አንድ ቀን ቢቆም ከሥሩ ያለው ጆንያ ይሞቃል፣ ይበሰብሳል። የበሰበሰውን ዋጋ ደህናው ላይ እንጭነዋለን፤ ይህን አልደብቅም። መንገድ ላይ በየኬላው የሚከፈል አለ። መቂም እዚህም ደላላ አለ፤ ደላላው ነዳጅ አይቀዳም፣ ድርሻው ግን ከዋጋው ጋር አብሮ ያድጋል።

ይሄ ሁሉ ተደምሮም 10 ብር አይሞላም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ጭማሪው የተነገረ ቀን መጋዘን ውስጥ የነበረው ሽንኩርት በድሮው ናፍጣ የመጣ ነው። በአዲሱ ዋጋ ተሸጠ። አንዱ ሲጨምር ሌላው «ነገ በስንት እተካዋለሁ?» ብሎ ይፈራና ይጨምራል። ዜናው ራሱ ዋጋ ይጨምራል።

የሦስት ልጆች እናት

ደፍረው ስለተናገሩ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ቅዳሜ ከጎረቤቶቼ ጋር ተዋጥተን አንድ ጆንያ በቀጥታ ከአትክልት ተራ እናመጣለን ብለናል። አምስት ቤት እንካፈለዋለን። ቢያንስ የመጨረሻውን እጅ እንዘለዋለን።

ነባር ሠራተኛ

ሰላም ልጆቼ። ሠላሳ ዓመት ገደማ በመንግሥት ሥራ ቆይቼ ጡረታ ልወጣ ነው። የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ባይኖር ኖሮ እስካሁን አልቆይም ነበር። መታወቂያ አሳይቶ በነፃ መሳፈር ማለት ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ትልቅ ጭማሪ ነው፤ ያውም ግብር የማይቆረጥበት። ክርክሩ ሁልጊዜ «ደመወዝ ይጨመር» ላይ ብቻ መቆሙ ያሳዝነኛል። ደመወዝ ሲጨመር ገበያው በማግስቱ ይሰማል። አውቶቡስ ሲጨመር ግን ሽንኩርት ሻጯ ዋጋ የምትጨምርበት ምክንያት የላትም።

የግል ድርጅት ባለቤቶች እዚህ የምታነቡ ካላችሁ፦ 40 ሠራተኛ ካላችሁ አንድ ሃይገር ተከራዩ። ሠራተኛው በሰዓቱ ይገባል፤ ጠዋት ሲደርስ ደክሞት አይሆንም።

ሐቁን እንነጋገር

በዚህ እስማማለሁ ጋሼ። የኤሌክትሪክ ሚኒባስም መበርታት አለበት። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ተከልክሏል፤ ኃይሉ ከራሳችን ግድብ ነው፣ ዶላር አይጠይቅም።

ሹፌር ነኝ

የኤሌክትሪኩን መኪና አይቼዋለሁ፣ ወድጄዋለሁም። ዋጋውን ግን እንደኔ ያለ ሰው በብድር ካልሆነ አይነካውም። ባንክ ደግሞ ቤት አስይዝ ይላል። ቤት ቢኖረኝ የሰው መኪና አልነዳም ነበር።

ለቱሉ ዲምቱው ወንድሜ አንድ ሐሳብ አለኝ። ጠዋት ባዶ የምመለሰውና ሰልፍ የምጠብቀው ነው የሚጎዳኝ ብያለሁ። ከእናንተ ብሎክ ወደ ሜክሲኮ የሚሄዱ 12 ሰዎች ካላችሁ በወር ኮንትራት ያዙኝ። ሳላቆራርጥ በቀለበት መንገድ አደርሳችኋለሁ፤ ማታም እመልሳችኋለሁ። የወር ገቢዬ የታወቀ ሲሆን ከባለቤቱ ጋር ለመነጋገር ይመቸኛል። ነዳጅ ሲከለስ የተጨመረውን ሊትር አብረን አስልተን እንካፈላለን፤ ስሌቱን ካንተ ተምሬያለሁ።

የቱሉ ዲምቱ ሰው

ይህን ነበር የምፈልገው። በውስጥ መስመር ጻፍኩልህ።

የሰፈሬ ሰዎች፣ እስካሁን ሰባት ነን። መነሻ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከገበያው ፊት ለፊት። ሳሪስ፣ ጎተራ እና ሜክሲኮ የሚወርዱ ይገባሉ። ክፍያው ወር በገባ በሳምንቱ፣ ደመወዝ ከደረሰን በኋላ ይሆናል ብለን ተስማምተናል። ሰው የቀረበትን ቀን አንቀንስም፤ ሹፌሩ መንገዱን ሄዷልና። ከዚህ በላይ መስተካከል ያለበት ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ።

አዲስ ተከራይ

እኔ ኮዬ ፈጬ ነኝ፤ ግን ቱሉ ዲምቱ ድረስ በእግሬ መጥቼ ልሳፈር እችላለሁ። የምወርደው ጎተራ ነው። ስምንተኛ አድርጋችሁ መዝግቡኝ። ነፍሰ ጡር የሆነች የሥራ ባልደረባዬም አለች፤ ቆማ ሰልፍ መጠበቅ አልቻለችም። ከፊት ወንበር ከሰጣችኋት ዘጠነኛ እሷ ናት።